«ጥቁር» የሚለው ሳጥን ስለ ደማችን ምን ያውቃል?

ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የእናቴን ታላቅ ወንድም ይዤ ሜሪላንድ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ቤተሰቡ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸው ስልሳ ስድስት ነው፤ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። እንግሊዝኛቸው ለመንገድ አያንስም፤ ሐኪም ቤት ሲገቡ ግን አስተርጓሚ ይፈልጋሉ፤ ቅጽ መሙላትም አይወዱም። ስለዚህ እስክሪብቶውን እኔ ያዝኩ። ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ የኢንሹራንስ ቁጥር እያልኩ ስወርድ ስለ ዘር የሚጠይቀው መስመር ላይ ደረስኩ። «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ጋሼ በትከሻዬ አሻግረው አዩና «ኢትዮጵያዊ ብለህ ጻፍበት እንጂ» አሉኝ። የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

ደም የምትቀዳው ነርስ ጾመው እንደሆነ ጠየቀች። ማወቅ የፈለገችው ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሱ ነው። ጥያቄዋን ስነግራቸው ጋሼ «እንዴታ! ዛሬ አርባ አንደኛ ቀኔ ነው» አሉ። እኔ ግን «አዎ፣ ጾመዋል» ብቻ ብዬ ተረጎምኩላት።

ውጤቱ በሳምንቱ ደረሰ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 84፣ «ጥሩው» የሚባለው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል 61፣ «መጥፎው» ኤልዲኤል 118። ወጣቱ ሐኪም ከልቡ ተደስቶ በእርሳቸው ዕድሜ እንዲህ ያለ የደም ቅባት ብዙ እንደማያይ ነገራቸው። ጋሼ ይህንን ቃል ላገኙት ሰው ሁሉ አወሩት። የፋሲካ ዕለትም ዶሮ ወጡ ላይ ቅቤ ሲጨመርላቸው «ሐኪሜ መስክሮልኛል» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ አንድ ሌሊት ደረታቸውን ይዘው ተነሱ። የልባቸው ደም ሥር ሁለት ቦታ ላይ ጠቦ ተገኘና በሁለቱም ቦታ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት የሚባል ትንሽ ቱቦ ገባላቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ ደህና ናቸው፤ ይህንን የምጽፈውም ፈቅደውልኝ ነው።

ያንን ሐኪም ለመውቀስ አልተነሳሁም። የተማረውን በትክክል ሠርቷል። እኔን ያስጨነቀኝ የተማረው ነገር ከማን ደም እንደተቀዳ ነው።

በዘር በተከፈሉ ሰዎች መካከል በደም ቅባት መጠን ልዩነት መኖሩ እውነት ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲለካ የኖረ ነገር ነው። ሉዊዚያና ውስጥ ቦጋሉሳ በምትባል ትንሽ ከተማ ጄራልድ ቤረንሰን የተባሉ የልብ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስተው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጥቁርና የነጭ ቤተሰብ ልጆችን ደም ከትምህርት ቤት ዕድሜያቸው ጀምሮ ተከታትለዋል። የጥቁሮቹ ልጆች ትራይግሊሰራይድ ዝቅ፣ ኤችዲኤላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ አዋቂዎች ላይ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶችም ያንኑ ደጋግመው አሳይተዋል። ምክንያቱም በከፊል ይታወቃል። ትራይግሊሰራይድን ከደም የሚያጸዳው ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም በጥቁር አሜሪካውያን ሰውነት ውስጥ ይበልጥ ንቁ ነው። ጉበታቸውም ስብ አያከማችም ባይባልም የሚያከማቸው ከሌላው ያነሰ ነው፤ በ2004 ከዳላስ ከተማ በወጣ ጥናት ጉበቱ ስብ የያዘ ሰው ከሂስፓኒኮች 45 ከመቶ፣ ከነጮች 33 ከመቶ፣ ከጥቁሮች 24 ከመቶ ነበር።

በዚህ ስሌት ከሄድን በአሜሪካ በልብ በሽታ ከነጮች ያነሰ መሞት የነበረባቸው ጥቁሮች ነበሩ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ደም ግፊቱም፣ ስትሮኩም፣ የስኳር በሽታውም፣ በልብ ሕመም መሞቱም የሚበረታው በእነርሱ ላይ ነው። ደማቸው ውስጥ ያለው ቅባት ሲታይ ያማረ፣ ልባቸው ግን የተጎዳ። ይህንን እንቆቅልሽ ለረጅም ዓመት ካጠኑት መካከል ቤተስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠሩት ሐኪም አን ሳምነር ይገኙበታል። የደረሱበት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰውነት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን መታዘዝ እምቢ ሲል የነጮች ትራይግሊሰራይድ ከፍ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ የጥቁሮች ግን ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይቆያል። በሽታው ገብቶ ደወሉ ዝም ይላል።

የጋሼን ወረቀት እንደገና ያነበብኩት ይህንን ካወቅኩ በኋላ ነው። ሐኪሞች ለስኳርና ለልብ በሽታ የተቃረበን ሰው ቀድመው የሚለዩበት ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚባል መመዘኛ አላቸው። የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድና ኤችዲኤል ይታያሉ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ከተበላሹ ሰውየው በሲንድረሙ ተይዟል ይባላል። የጋሼ ደም ግፊት 138 በ86 ነበር፤ መስመሩ 130 በ85 ነው። ስኳራቸው 109፤ መስመሩ 100 ነው። ወገባቸው 98 ሴንቲ ሜትር፤ የአሜሪካው መስመር ለወንድ 102 ነው። ትራይግሊሰራይዱ 150 አልደረሰም፣ ኤችዲኤሉ ከ40 አልወረደም። ሁለት ከአምስት፤ ስለዚህ አለፉ። ከአምስቱ ምስክሮች ሁለቱ ለእርሳቸው ዓይነት ሰው እውነቱን ላይናገሩ እንደሚችሉ በዚያ ክፍል ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም።

የኤችዲኤል ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። «ጥሩ ኮሌስትሮል» የሚለው ስም ሥር የሰደደው ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ1948 ጀምሮ በተካሄደው የፍራሚንግሃም ጥናት ነው። ለዓለም ትልቅ ውለታ የዋለ ጥናት ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገቡት 5,209 ሰዎች ግን ከሞላ ጎደል ነጮች ነበሩ። እነርሱ ላይ የታየው ሕግ ወደ ሰው ልጅ ሁሉ ተሸጋገረ። በ2022 ሪጋርድስ ከተባለው ጥናት ወደ 24 ሺህ የሚሆኑ ነጭና ጥቁር አሜሪካውያንን አሥር ዓመት ያህል የተከታተለ ውጤት ወጣ። ዝቅተኛ ኤችዲኤል ለነጮቹ የልብ ሕመም ምልክት ሆኖ ተገኘ፤ ለጥቁሮቹ ግን ምንም አላመለከተም። ከፍተኛ ኤችዲኤል ደግሞ ሁለቱንም ወገን አልጠበቀም። እንግዲህ ጋሼ ሲኮሩበት የከረሙት 61 ለልባቸው ዋስትና ሆኖ አያውቅም።

እስከዚህ የጻፍኩት ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ነው። ጋሼ ግን የተወለዱት ደብረ ብርሃን ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያደረግኩት ምልክት ከቦጋሉሳ ልጆች ጋር አንድ አደረጋቸው፤ ደማቸውስ አንድ ነው? አገራችን በ2015 ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን በሚመለከት አገር አቀፍ ጥናት አድርጋ ነበር። አጠቃላይ ኮሌስትሮሉ 190 የደረሰ ወይም ያለፈ ሰው 5.2 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ የሚያስደስት ነው። ኤችዲኤሉ ዝቅ ያለ ሰው ግን 68.7 ከመቶ ነበር፤ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ያለው ደግሞ 21 ከመቶ። ጥቁር ሰው ኤችዲኤሉ ከፍ ይላል የሚለው የአሜሪካ መጽሐፍ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሲደርስ ከሦስት ሁለት እጁ ሕዝብ ፊት ይወድቃል። አንድ የቆዳ ቀለም፣ ሁለት የማይገናኙ የደም ታሪኮች። የሰው ልጅ የዘር ውርስ ብዝኃነት ከየትኛውም አህጉር ይልቅ የሚሰፋው አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ያንን ሁሉ ሰው «ጥቁር» ብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ጨምሮ ስለ ኮሌስትሮሉ መተንበይ ምን ዓይነት ሳይንስ ነው?

ኑሮ ከውርስ ጋር ምን ያህል እንደሚሻማ ለማየት ደግሞ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንን መመልከት ይበቃል። በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የገቡት ቤተ እስራኤላውያን እንደደረሱ ደማቸው ሲለካ ኮሌስትሮላቸው ከአገሬው በጣም ያነሰ ነበር፤ የስኳር በሽታም ብርቅ ነበር። ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠር የመጡ፣ ጤፍና ሽሮ የሚበሉ፣ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። አውቶቡሱ፣ ነጭ ዳቦው፣ ለስላሳ መጠጡና ተቀምጦ መዋሉ ከመጣ በኋላ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የስኳር በሽታው ተስፋፋ፤ ዛሬ ከሌላው እስራኤላዊ ይበልጥ ያጠቃቸዋል፤ ውፍረት የሌለው ሰው ላይ ሳይቀር። ወላጆቻቸውን ያወረሷቸው አያቶች አልተለወጡም። የተለወጠው ማዕዱና ውሎው ነው።

ስለ ማዕድ ከተነሳ ወደ ሁዳዴ ልመለስ። ጋሼ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ እናቴ ቤታቸውን ስታስተካክል ከጸሎት መጽሐፋቸው ሥር አራት ቦታ የታጠፈ የላብራቶሪ ወረቀት አገኘች። ከአንድ ዓመት በፊት በጥር ወር፣ ገና ካለፈ በኋላ፣ ሌላ ቦታ የተመረመሩበት ነው። ኤልዲኤላቸው 151 ይላል። በሁዳዴ 118፣ በፍስክ 151። ልዩነቱ ሁሉ የጾሙ ነው ብዬ አልምልም፤ ነገር ግን አርባ ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ያልነካ ሰው ደም የዓመቱን ሙሉ ደም ሊወክል አይችልም። የቀርጤስ ደሴት ተመራማሪዎች 120 ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በጾም ወራት የጾመኞቹ ኤልዲኤል በ16 ከመቶ ገደማ ወርዶ አግኝተዋል። የእኛ ጾም ከእነርሱ ቢጠብቅ እንጂ አይላላም። ያ ክሊኒክ የጋሼን ቀለም ጠየቀ፤ ለኮሌስትሮላቸው ከቀለማቸው ይበልጥ የሚናገረውን ነገር፣ ምን እየበሉ እንደከረሙ፣ አልጠየቀም። የነገሩትን ደግሞ እኔ ቆርጬ አስቀረሁት። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አንድ ነገር ግን በእርግጥ በውርስ የሚመጣና ከአፍሪካ ጋር የተቆራኘ አለ፤ ሊፖፕሮቲን ኤ፣ ሐኪሞች በአጭሩ ኤልፒኤ የሚሉት። ኖርዌያዊው ኮረ በርግ በ1963 ያገኘው፣ ኤልዲኤልን የሚመስል፣ ተጨማሪ ፕሮቲን የተጠመጠመበት ቅንጣት ነው። የደም ሥርን ያጠብባል፣ የልብ ቫልቭንም ያደርቃል። መጠኑ በአብዛኛው በአንድ ዘረመል የሚወሰን በመሆኑ ጾም አያወርደውም፣ ሩጫ አይቀንሰውም፣ ስታቲን የሚባሉት የታወቁ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም አያወርዱትም። በ1991 ሰባት ሕዝቦችን ያነጻጸረ ጥናት ዝቅተኛውን አማካይ ቻይናውያን ላይ፣ ከፍተኛውን ሱዳናውያን ላይ አገኘ፤ ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ነበር። ሱዳን ጎረቤታችን ናት። ጥቁር አሜሪካውያንም ከነጮቹ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ አላቸው። በተለመደው የኮሌስትሮል ምርመራ ግን ይህ ቁጥር አይወጣም፤ ለብቻው መታዘዝ አለበት። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ከ2019 ጀምሮ ማንኛውም አዋቂ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንዲለካው ይመክራል። ለጋሼ የተለካላቸው ስቴንቱ ከገባ በኋላ ነው። 172 ናኖሞል በሊትር ወጣ፤ አደገኛ የሚባለው ከ125 ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ እናቴም፣ እኔም፣ እህቴም ተለካን። የእናቴ ከእርሳቸውም በለጠ።

ይህንን ሁሉ የሚሰሙ ደግ ሰዎች «እንግዲያው ዘር የሚለውን ቃል ከሕክምና ጠራርጎ ማውጣት ነው» ይላሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ ግማሹንም እቀበላለሁ። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሕመም ማስሊያ ቀመር ዘርን ሲጠይቅ ነጭና ጥቁር ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ሕንዱም ኮሪያዊውም በነጭ ስሌት ይታሰብ ነበር። በ2023 የወጣው አዲሱ ቀመር የዘርን ጥያቄ ጨርሶ ተወው። የኩላሊት ልኬትም በ2021 እንዲሁ ተስተካክሏል። ደግ ተደረገ። ነገር ግን ከቀመር ማውጣትና ከጥናት ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ያስፈራኛል።

የምፈራበትን ምክንያት ከዳላስ ልጥቀስ። በዚያ የተጀመረው የልብ ጥናት ሆን ብሎ ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉን ጥቁሮች አድርጎ መዘገበ። ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ኤልዲኤላቸው በጣም ዝቅ ያለውን ሰዎች መርጠው ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ዘረመል ሲያነቡ፣ በ2005 ከጥቁር ተሳታፊዎቹ ከመቶ ሁለት ያህሉ ዘረመሉን ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ለውጥ ይዘው ተገኙ። በነጮቹ ላይ ይህ ለውጥ እጅግ ብርቅ ነበር። በተከታዩ ዓመት የወጣው ውጤት ደግሞ ዓለምን አስደነቀ፤ ለውጡን የተሸከሙ ጥቁር አሜሪካውያን ኤልዲኤላቸው በ28 ከመቶ፣ የልብ ደም ሥር በሽታቸው በ88 ከመቶ ያነሰ ነበር። ከሁለቱም ወላጆቿ የተበላሸውን ቅጂ የወረሰች አንዲት ወጣት ሴት ኤልዲኤሏ 14 ብቻ ሆኖ ሙሉ ጤነኛ ነበረች፤ ዚምባብዌ ውስጥም 15 የሆነባት ሌላ ወጣት ተገኘች። ከዚህ ግኝት በ2015 የጸደቁት የመርፌ መድኃኒቶች ተወለዱ፤ ዛሬ ነጩንም፣ ቢጫውንም፣ ጥቁሩንም ያድናሉ። ዳላስ ውስጥ ጥቁሮች ባይቆጠሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ስንት ዓመት በዘገየ ነበር! የአፍሪካ ደም ለዓለም መድኃኒት የሰጠው ስለተጠና ነው።

እኔ የምቆጨው የኢትዮጵያውያን ደም በዚህ ደረጃ አለመጠናቱ ነው። የ2015ቱ ጥናት አንድ ቀን ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ ነው፤ ሰዎችን ሃያ ሠላሳ ዓመት ተከትሎ ማን ታመመ፣ ማን ዳነ የሚል የራሳችን ፍራሚንግሃም ያስፈልገናል። የ61ንም ሆነ የ38ን ኤችዲኤል ለጎጃም ገበሬና ለአዲስ አበባ ባንክ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። በጎ ፈቃደኛ አይጠፋም፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ከቅዳሴ በኋላ ነርሶቻችን የምእመናንን ደም ግፊት በነጻ ሲለኩ አይቻለሁ፤ ሰልፉ እስከ ደጀ ሰላሙ ይደርሳል። እናቶች ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ክንዳቸውን ይሰጣሉ። ሳይንስ ከእኛ የሚፈልገውን ያህል እኛም ልንሰጠው ዝግጁ ነን።

እስከዚያው ግን ሰውየውን መለካት ይቻላል። ትራይግሊሰራይድ አምሮ ሲታይ ስኳሩንና ወገቡን ችላ አለማለት፣ ኤልፒኤን በዕድሜ አንድ ጊዜ ማስለካት፣ የዘንድሮውን ወረቀት ከአምናው ጎን አስቀምጦ ማየት፣ በጾም የተቀዳ ደም በጾም የተቀዳ መሆኑን ለሐኪሙ መንገር። አንዱም የቆዳ ቀለም አይጠይቅም። አብዛኛዎቹ ገንዘብም አይጠይቁም። እንደ እኔ ለወላጆቻቸው የሚያስተረጉሙ ልጆች ደግሞ ከእኔ ይማሩ፤ ሽማግሌው የሚናገሩት ነገር ረጅም ቢመስልም አያሳጥሩት።

ባለፈው ሳምንት ጋሼን ይዤ እንደገና ደም ለማስቀዳት ሄድኩ። ሁዳዴ ገብቷል። ሐኪማቸው ለልባቸው ሲሉ እንዳይጾሙ አልከለከሏቸውም፤ ከመድኃኒታቸው ጋር እንዲያስማሙት ብቻ ነው የነገሯቸው። ቅጹ ያው ቅጽ ነው፤ ሳጥኑም ያው። ነርሷ እጅጌያቸውን እየሰበሰበች ጾመው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጋሼም «ሃያ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም፤ ለሰው መጾሜን መናገር ደግ ባይሆንም ለሐኪም ግን ይነገር» አሉ። እኔም አንድ ቃል ሳልተው ተረጎምኩላት፤ እርሷም ብዕሯን አንስታ ጻፈችው።